ከድስቱ ጀርባ ያለው ሂሳብ፦ የደቡብ አሜሪካ ማዕድና ሴቶቹ



ስለ ደቡብ አሜሪካ ምግብና መጠጥ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ አርጀንቲና ጥብስ፣ ስለ ቺሌ የወይን ጠጅና ስለ ሊማ ከተማ ስመ ጥር ምግብ ቤቶች ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ሁሉም ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። እኛ ግን የሂሳብ ክፍል ሰዎች ነንና ማዕድ ተዘርግቶ ስናይ ቀድሞ የሚመጣብን ጥያቄ ሌላ ነው። እህሉን ማን ገዛው? ማገዶውን ማን ከፈለ? ያበሰለችው ሴት ጉልበት በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? በዚህ እትም የዚያን አህጉር የማዕድ ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች በኩል ልናየው ወደናል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ያን ያህል ሩቅ አገር ምን አገናኘን?» የምትል እህት አትጠፋም። የሚያገናኘን ጓዳችን ውስጥ አለ። ድንች መጀመሪያ የለመደው ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በምንላቸው አገሮች፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ነው፤ ወደ አገራችንም ያስገባው በ1858 ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይነገራል። በአንጻሩ ከኛ ምድር የወጣው ቡና በ1727 ብራዚል ገብቶ ያቺን አገር የዓለም አንደኛ ቡና አምራች አድርጓታል። እነርሱ ድንች ሰጡን፣ እኛ ቡና ሰጠናቸው። ብድር የተመላለሰ ጎረቤት ደግሞ የጎረቤቱን ታሪክ ቢጠይቅ አያስነውርም።

የጠማቂዎቹ ቤት

ወይን ከመምጣቱ በፊት የአንዲስ ሰዎች መጠጥ ቺቻ ነበር፤ ዛሬም አለ። አሠራሩን የሰማች የኛ አገር ጠማቂ ቶሎ ትረዳዋለች። በቆሎው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ከዚያም በእንስራ ሆኖ እስኪብላላ ይጠበቃል። ጌሾ የለውም እንጂ ብቅሉም ድካሙም ያው ነው። ሥራውም ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የሴት ነው።

በደቡብ ፔሩ ሞኬጓ በሚባለው አካባቢ ሴሮ ባኡል የሚሉት፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ አለ። ከኢንካዎች በፊት የነበሩት ዋሪዎች ተራራው ላይ ከተማ ሠርተው፣ በከተማይቱም ውስጥ ትልቅ የመጠጥ መጥመቂያ ቤት አቁመው ነበር። የቅርስ አጥኚዎች ቁፋሮ እንደሚያሳየው በአንድ ጊዜ ወደ 1,800 ሊትር ገደማ መጥመቅ ይቻል ነበር። መጠጡ የሚሠራው ከበቆሎ ብቻ ሳይሆን ሞዬ ከሚባለው ዛፍ ፍሬም ነበር። ይህን ዛፍ እናውቀዋለን፤ በከተሞቻችን መንገድ ዳር ቅርንጫፉን ቁልቁል ጥሎ የሚታየው፣ ሰው «ቁንዶ በርበሬ» የሚለው ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ እዚያ ነው።

ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ዋሪዎች ከተማዋን ለቀው ሲሄዱ መጥመቂያ ቤቱን በሥርዓት ድግስ አድርገው ራሳቸው አቃጥለውታል። ከአመዱ ሥር አጥኚዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን የሚይዙበት መርፌ አገኙ። ጠማቂዎቹ ሴቶች እንደነበሩ፣ ያውም ዝቅ ተደርገው የማይታዩ ባለ ማዕረግ ሴቶች እንደነበሩ ያስረዳው ይህ ትንሽ ዕቃ ነው። ስማቸው የትም አልተጻፈም። መርፌያቸው ግን መሰከረላቸው።

ከዋሪዎች በኋላ የመጡት ኢንካዎችም አክያኩና የሚባሉ የተመረጡ ሴቶችን በልዩ ግቢ እያስቀመጡ ጥሩ ጨርቅ ያሠሯቸው፣ ለመንግሥት ድግስ የሚሆነውን ቺቻም ያስጠምቋቸው ነበር። ኢንካዎች ገንዘብ አልነበራቸውም። ሕዝቡ መንገድ ሊሠራ ወይም የመንግሥት እርሻ ሊያርስ ሲወጣ መንግሥት ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነበር። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ካላቀረበ ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ እዚያም እንደዚያው ነበር። ስለዚህ የዚያ ታላቅ መንግሥት መንገዶችና የድንጋይ ግንቦች በወንዶች ክንድ ብቻ አልተሠሩም፤ የጠማቂዎቹ ጉልበት በግንቡ ውስጥ አለ።

ከስፔን ወረራ በኋላም ቺቻ አልጠፋም። ዛሬም በኩስኮና በኮቻባምባ ገጠሮች ቺቻ የደረሰላት ሴት በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቀይ ወይም ነጭ ጨርቅ አስራ ከቤቷ ደጅ ታቆማለች። በኛ አገር ጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ላይ የተደፋውን ጣሳ ያየ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ የ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ታሪክ ደግሞ ለሂሳብ ሰው የሚገርም ነገር አለበት። የከተማው ሹማምንት ቺቻ ቤቶችን «ንጽሕና የላቸውም» እያሉ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሲገፉ፣ በዚያው ዘመን ከከተማዋ ዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ከነዚሁ ሴቶች የሚሰበሰበው የቺቻ ቀረጥ ነበር። መንገዱ በገንዘባቸው ተነጠፈ፤ እነርሱ ግን ከመንገዱ ዳር ተነሡ።

ወይኑ ከመርከብ ሲወርድ

የወይን ተክል ወደ ደቡብ አሜሪካ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከስፔኖች ጋር ነው። ለቅዳሴ ያስፈልግ ነበር፤ ለገበታም ያስፈልግ ነበር። በፔሩ በኢካና በሞኬጓ፣ ከዚያም በቺሌ፣ ተራራውን ተሻግሮም በ1561 በተቆረቆረችው በሜንዶሳ ተተከለ። ያ የመጀመሪያው ዘር በቺሌ «ፓይስ»፣ ማለትም «አገር»፣ ተብሎ እስከዛሬ አለ። በፔሩ ከወይን ጠጅ የሚጣራው አረቄ ፒስኮ ይባላል፤ ስሙ ከሚጫንባት የወደብ ከተማ የመጣ ነው።

በፔሩ ጠረፍ፣ በናስካ ሸለቆዎች፣ ትልልቆቹን የወይን እርሻዎች ይይዙ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማህበር መነኮሳት ነበሩ። በ1767 የስፔን ንጉሥ ከግዛቱ እስኪያስወጣቸው ድረስ ያን ሁሉ ወይን የተከለው፣ የቆረጠውና የጨመቀው ግን ከአፍሪካ ተሽጦ የመጣ ባሪያ ነበር። በእርሻዎቹ የንብረት ዝርዝር ላይ ሰዎቹ ከበሬውና ከጋኑ ጋር አብረው ይቆጠሩ ነበር። የንብረት መዝገብ ስንሠራ ይህን ማስታወስ ይገባናል። ሂሳብ በትክክል ተደምሮም ግፍ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የአርጀንቲና ማልቤክ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ነው። በ1853 ፑዤ የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ ባለሙያ በሜንዶሳ የዕፅዋት ጣቢያ እንዲያቋቁም ተቀጥሮ ማልቤክን ጨምሮ የፈረንሳይ ዘሮችን አስገባ። በ1885 የባቡር ሐዲድ ሜንዶሳን ከቦነስ አይረስ ሲያገናኝና ከጣሊያንና ከስፔን ስደተኞች ሲጎርፉ ያ በረሃማ ምድር በተራራ በረዶ ውኃ እየጠጣ የወይን አገር ሆነ። ቺሌም የራሷ ታሪክ አላት። ካርሜኔር የሚባለው የፈረንሳይ ዘር በትውልድ አገሩ ተረስቶ ሲቀር በቺሌ ግን «ሜርሎ» በሚባል ሌላ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ሲለቀም ኖሯል። ማንነቱ የታወቀው በ1994 አንድ ፈረንሳዊ ባለሙያ ቅጠሉን አይቶ ሲለየው ነው።

ወደ ገበታው እንምጣ። በአርጀንቲና እሑድ ቀን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አሳዶ ይጠበሳል። ሥጋው በፍም ላይ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ወይኑ ይቀዳል፣ በመጨረሻም ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ «ለጠባሹ ጭብጨባ!» ይላል፤ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው። እሳቱ ዳር የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ሰላጣውን የከተፈችው፣ ገበታውን ያሰናዳችው፣ ሳህኑን የምታጥበው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ለእርሷ የሚሆን የጭብጨባ ልማድ ግን አልወጣም። በቺሌም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለውጭ ገበያ የሚላከው የወይን ፍሬ ሲስፋፋ ዘለላውን የሚያጸዱትና በካርቶን የሚያሽጉት በብዛት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቀጠሩ ሴቶች ሆኑ። መከሩ ሲያልቅ ደመወዙም አብሮ ያልቃል።

ትሪ ተሸክሞ ነፃነት መግዛት

አሁን ወደ ብራዚል፣ ወደ ሳልቫዶር ከተማ እንሻገር። በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው አካራዤ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ጥቁር ዓይን ያለው የአደንጓሬ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ከሽንኩርትና ከጨው ጋር ይመታል፣ ከዚያም በቀዩ የዘንባባ ዘይት ይጠበሳል፤ ተሰንጥቆም በሽሪምፕና በሚያቃጥል በርበሬ ይሞላል። ምግቡ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከዮሩባ ሰዎች፣ ከባሪያ መርከብ ጋር የመጣ ነው።

በባርነት ዘመን የሳልቫዶር ባለቤቶች ሴት ባሮቻቸውን ገበያ ወጥተው እንዲሸጡ ይልኳቸው ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሴትየዋ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የተወሰነ ገንዘብ ለጌታዋ ትከፍላለች፤ የተረፈው የእርሷ ነው። ከዚያች ትርፍ ላይ ራሷን ትመግባለች፣ ልጆቿን ታለብሳለች። ከተረፈው የተረፈውን ደግሞ አንዳንዷ ዓመታት ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ የራሷን ነፃነት ወይም የልጇን ነፃነት ገዝታለች። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 ነው። እነዚህ ሴቶች ግን ሕጉን ሳይጠብቁ በጥራጥሬና በዘይት ነፃ የወጡ ናቸው።

ብቻቸውንም አልነበሩም። ከሳልቫዶር ብዙ በማትርቀው በካሾኤይራ ከተማ የቦዋ ሞርቺ፣ ማለትም የ«መልካም ሞት»፣ እህትማማቾች የሚባል የጥቁር ሴቶች ማህበር ዛሬም አለ። አባላቱ መዋጮ እያዋጡ እህቶቻቸውን ከባርነት ያስለቅቁ፣ የሞተችውንም በክብር ይቀብሩ እንደነበር ይነገራል። ዛሬም በየዓመቱ በነሐሴ ወር በበዓላቸው ሕዝቡን ያበላሉ። እድርና እቁብ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የብራዚል መንግሥት በ2005 የአካራዤ ሻጮችን ሙያ በአገር ቅርስነት መዝግቧል። ምዝገባው ግን ብቻውን እንጀራ አልሆነም። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ አዲሱ ስታዲየም ሲሠራ በፊፋ ደንብ መሠረት በስታዲየሙና በዙሪያው የሚሸጡት ስፖንሰር የሆኑ ኩባንያዎች ብቻ ሊሆኑ ነበር። ሴቶቹ በማህበራቸው አማካይነት ፊርማ አሰባሰቡ፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሰልፍ ወጡ፣ በመጨረሻም በስታዲየሙ ግቢ የመሸጥ ፈቃድ አገኙ። ፈቃድ ያገኙት ስድስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ለብቻዋ ብትጠይቅ ኖሮ ያቺም አትገኝም ነበር።

የሳንቲያጎ የጋራ ድስት

በቺሌ መስከረም 11 ቀን 1973 ጄኔራል ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ብዙ ወንዶች ታሰሩ፣ ተገደሉ፣ ተሰደዱ፣ ከሥራ ተባረሩ። በሳንቲያጎ ዳርቻ ባሉት ድሃ ሠፈሮች ልጆች ባዶ ሆዳቸውን ማደር ሲጀምሩ እናቶቻቸው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እየተጠለሉ በመጀመሪያ የልጆች ምገባ አቋቋሙ። ኋላም በ1982ቱ የኢኮኖሚ ውድቀት ከአምስት ሠራተኞች ቢያንስ አንዱ ሥራ ሲያጣ ኦያ ኮሙን፣ ማለትም የጋራ ድስት፣ በየሠፈሩ ተጣደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ቤተሰቦች ያላቸውን ያመጣሉ፤ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ ማገዶ። ከገበያ ነጋዴ ያልተሸጠ አትክልት ይለመናል። በአንድ ትልቅ ድስት ይበስላል፤ እያንዳንዷ ለቤተሰቧ ልክ በየማሰሮዋ ቀድታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ትርጉም ነበረው። ሴቶቹ ሥራቸው ከምጽዋት ሾርባ ጋር እንዲምታታባቸው አይፈልጉም ነበር። ምጽዋት የሚበላው ሰው ተሰልፎ ነው። የጋራ ድስት ግን ያበሰለውም፣ የሚበላውም፣ የሚወስነውም አንድ ነው፤ ልጆችም ከእናታቸው ጋር በራሳቸው ቤት ይበላሉ።

በዚሁ ዘመን ሴቶቹ ከጆንያ ጨርቅ ላይ አሮጌ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ አርፒዬራ የሚባለውን ሥዕል መሥራት ጀመሩ። በላዩ ላይ የአንዲስ ተራራ ይታያል፣ ፀሐይ ይታያል፣ ከሥሩ ደግሞ በድስት ዙሪያ የቆሙ ሴቶች፣ የተዘጋ ፋብሪካ፣ የጠፋ ልጅ ፎቶ የያዘች እናት። በ1976 በካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያኗ የሰብዓዊ መብት ቢሮ ጨርቆቹን እየገዛ ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። ለደጋፊዎቻችን ይህን መናገር ደስ ይለናል፦ በሌላ አገር ያለች ገዢ የከፈለችው ገንዘብ ለሰፊዋ ዘይትና ዱቄት ሆነ፤ ጨርቁም ለገዢዋ ጋዜጣ የማያወጣውን ወሬ ነገራት። ሁለቱም ሰጡ፣ ሁለቱም ተቀበሉ።

ሊማ፦ ሳህኑ ስንት ነው?

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ሰፋ። ኮሜዶር ፖፑላር የሚባሉት የሕዝብ ማዕድ ቤቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ ኮማስና ኤል አጉስቲኖ ባሉ ሠፈሮች ተጀመሩ። በ1984 የከተማዋ ከንቲባ አልፎንሶ ባራንቴስ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የአንድ ብርጭቆ ወተት ፕሮግራም ሲጀምሩ ወተቱን አፍልተው የሚያድሉት በየመንደሩ የተደራጁ ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሴቶቹ አደባባይ ወጥተው ጠየቁ፤ በ1985 መጀመሪያ ፕሮግራሙ የአገር ሕግ ሆነ።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ነሐሴ 8 ቀን 1990 መንግሥት የዋጋ ድጎማውን በአንድ ምሽት አነሣ። የቤንዚን ዋጋ ወደ 30 እጥፍ ገደማ ዘለለ። የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት ከ7,000 በመቶ በላይ ነበር። በማግስቱ ሱቆች ተዘጉ፣ የወር ደመወዝ የቀናት እህል መግዛት አቃተው። ከተማዋ በረሃብ ያላለቀችው በብዙ ምክንያት ነው፤ ከነዚያ ምክንያቶች አንዱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩት የሴቶቹ ማዕድ ቤቶች በየማለዳው እሳት ማንደዳቸው ነበር። በ1991 ኮሌራ ሲነሣም ውኃ አፍልቶ መጠጣትንና እጅ መታጠብን ለሠፈሩ ያስተማሩት እነዚሁ ናቸው።

አንድ ማዕድ ቤት ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አለው። አባላቱ በቡድን ተከፍለው በተራ ያበስላሉ። ሳህኑ የሚሸጠው የእህሉንና የማገዶውን ወጪ ብቻ በሚሸፍን ዋጋ ነው። ለታመመ፣ ለአረጋዊ፣ ምንም ለሌለው በነፃ ይሰጣል። ከመንግሥትና ከለጋሾች የሚገኘው እርዳታ ከወጪው ከፊሉን ይሸፍናል፤ ቀሪውን የሚሸፍነው ሳህኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዕራችንን እናንሣ። ለምሳሌ ያህል አራት ሴቶች በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ያበስላሉ እንበል። በሳምንት 120 ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 480 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠሩ የሦስት ሙሉ ሠራተኞች ጉልበት ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ ሩዙ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ ጋዙ አለ። የሦስቱ ሠራተኞች ደመወዝ ግን ዜሮ ነው። ሳህኑ ርካሽ የሆነው እህሉ ርካሽ ስለሆነ አልነበረም፤ ከሁሉም የሚበልጠው ለጋሽ በለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ሳይጻፍ ስለቀረ ነው።

መዝገብ የያዘች ሴት

በሊማ ደቡብ በ1971 በአሸዋ ላይ የተመሠረተች ቪያ ኤል ሳልቫዶር የምትባል የድሆች ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በማደራጀታቸው በ1987 የስፔንን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት አግኝታለች። በ1958 የተወለደችው ማሪያ ኤሌና ሞያኖ በወጣትነቷ እዚያ ገብታ ኋላ የከተማዋን የሴቶች ፌዴሬሽን መርታለች፤ ምክትል ከንቲባም ሆናለች። ፌዴሬሽኑ ማዕድ ቤቶቹንና የወተቱን ፕሮግራም ያስተባብር ነበር።

በዚያ ዘመን «አንፀባራቂው መንገድ» የሚባለው ታጣቂ ቡድን አገሪቱን በደም ያናውጥ ነበር። ቡድኑ የሴቶቹን ድስት ጠላ። የተራበ ሕዝብ በራሱ ተደራጅቶ ከበላ ለአመፅ አይመችም ብሎ ያምን ነበርና። በመስከረም 1991 የፌዴሬሽኑን የእህል መጋዘን በፈንጂ አፈረሰ። ከዚያም በወረቀት በትኖ ሞያኖን ራሷ መጋዘኑን እንዳፈነዳችና የድሆችን ንብረት እንደበላች አድርጎ ከሰሳት። እርሷ ዝም አላለችም፤ ለእያንዳንዱ ክስ በአደባባይ ነጥብ በነጥብ መልስ ሰጠች።

የካቲት 14 ቀን 1992 ቡድኑ ሊማ በሙሉ ከቤት እንዳትወጣ አዘዘ። ሞያኖና ጓደኞቿ ነጭ ባንዲራ ይዘው ወጡ። በማግስቱ ለወተቱ ኮሚቴ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ፖያዳ ላይ ተገኘች። ፖያዳ በዚያ የችግር ዘመን የተስፋፋ የዶሮ ጥብስ ድግስ ነው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ይሸጣል፣ ትርፉ ለታመመ ወይም ለጋራ ጉዳይ ይሆናል። እዚያው፣ በልጆቿ ፊት፣ ገደሏት፤ አስከሬኗንም በዲናሚት በተኑት። 33 ዓመቷ ነበር። እኛ ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ ላይ ነን፤ እርሷ የሠራችውንም ሥራ እንሠራለን፤ እህል እንቆጥራለን፣ ደረሰኝ እንሰበስባለን፣ ትኬት እንሸጣለን።

ከታጣቂዎቹ ሌላ ሌላም ፈተና ነበር። መንግሥት ሰጪ በሆነበት ቦታ ሰጪው ድስቱን የራሱ ማድረግ ያምረዋል። በ2000ው ምርጫ ዋዜማ የፉጂሞሪ መንግሥት የምግብ እርዳታውን ድምፅ ለማግኘት ተጠቅሞበታል፤ ለሰልፍ ካልወጣችሁ እህሉ ይቀራል የተባሉ ሴቶች ነበሩ። የእህሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ያለብን ስለዚህ ነው።

ዛሬ ሊማ በዓለም የታወቀች የምግብ ከተማ ናት። በ1994 ጋስቶን አኩሪዮና ባለቤቱ አስትሪድ ጉትሼ የከፈቱት ምግብ ቤት የአገሩን ምግብ ለክብር ማዕድ አበቃው፤ በ2023 ሴንትራል የሚባለው የሊማ ምግብ ቤት በታወቀው የዓለም ምግብ ቤቶች ዝርዝር አንደኛ ተባለ። በዚያችው ከተማ በ2020 ወረርሽኙ ሥራ ሲያዘጋ ሴቶች እንደገና በኮረብታዎቹ ላይ የጋራ ድስት ጣዱ፤ በ2022 ሕግ ወጥቶ ድስቶቹ በመንግሥት ዕውቅና አገኙ። ሁለቱም የሊማ ማዕድ ናቸው። ዝናው የደረሰው ግን ለአንደኛው ብቻ ነው።

ለእኛ የሚሆነው

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለማሳዘን አይደለም። ሦስት ነገር ከዚህ ታሪክ ወስደን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ልናቀርብ ስላሰብን ነው።

አንደኛ፣ በመዝገባችን ላይ «የአባላት ሰዓት» የሚል ዓምድ ይከፈት። በባልትና ክፍላችን በርበሬ የምትቀነጥስ፣ ሽሮ የምታሰናዳ፣ ለአረጋውያን ምሳ ተራ ገብታ የምታበስል እህት ያዋለችው ሰዓት በቀኑ ይጻፍ። ዛሬ የምንከፍላት ገንዘብ ላይኖረን ይችላል። ነገር ግን ያልተጻፈ ነገር ነገም አይከፈልም፤ ለጋሾችም ሳህኑ ስንት እንደወጣበት እውነተኛውን ዋጋ ማወቅ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ ለዓመቱ ኦዲት ብቻ ሳይሆን በየወሩ ለአባላት ጮክ ብሎ ይነበብ። በሞያኖ ላይ የተበተነው ሐሰት የተበተነው ሰው ሊያምነው ይችላል ተብሎ ነው። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ የገባውንና የወጣውን በጆሮዋ ከሰማች ሐሜት መግቢያ ያጣል። ለሂሳብ ሠራተኛም ከዚህ የሚበልጥ ጋሻ የላትም።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምንለው አለ። ስጦታችሁ ድስቱን ሞልቷል፤ እናመሰግናለን። ምን ይብሰል፣ ለማን ይቀዳ የሚለውን ግን አብሳዮቹ ይወስኑ። የእህሉ ቁልፍ በአባላት በተመረጡ ሁለት ሴቶች እጅ ይሁን፤ እናንተም በፈለጋችሁት ቀን መጥታችሁ መዝገቡን እዩ።

የአዲሱን ዓምድ ናሙና አዘጋጅተን በቢሮ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል። ከጉባኤው በፊት አይታችሁ የጎደለውን ንገሩን። የዚህ ወር ተረኞችም ከወዲሁ ሰዓታችሁን በቁራጭ ወረቀትም ቢሆን እየጻፋችሁ አስቀምጡልን።

ከሂሳብ ክፍል